ማርሹ የሚያፋጨው መቼ መቼ ነው

ግንቦት 25

የምጽፈው ጋሽ መስዑድ ጻፊ ስላሉኝ ነው። ዛሬ መኪናዋን ጋራዣቸው ወስጄ "ማርሽ ሲቀየር ያፋጫል" ብላቸው፣ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍቱ ቆመው አዩኝ።

"መቼ መቼ?"

"ሁልጊዜ።"

"ሁልጊዜ የሚባል በሽታ የለም ልጄ። አንቺ ነርስ አይደለሽ? ሰው መጥቶ 'ሁልጊዜ ያመኛል' ቢልሽ መርፌ ትወጊዋለሽ? ደብተር ያዢ። ስንተኛው ማርሽ እንደሆነ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ይሁን ከሞቀ በኋላ፣ ሽቅብ ይሁን ሜዳ። ሳምንት አይተሽ ነይ።"

ስለዚህ ይኸው። ከጋራዥ እስከ ቤት፦ ሁለተኛ ሲገባ ክርርር። ሦስተኛ ሲገባ ክርርር፣ ረዘም ይላል። አራተኛ ደኅና። ወደ ኋላ ሲሄድ ጎረቤት ሁሉ ይሰማል።

መኪናዋ የኃይለ ገብርኤል ናት። ነበረች። ባሌ ካረፈ ዛሬ አርባ አራት ቀኑ ነው። ልሸጣት ነው ሐሳቤ። በዚህ ድምፅ ግን ማን ይገዛኛል?

ግንቦት 27

ጧት፣ ቀዝቃዛ ሞተር። ሁለተኛ አፋጨ። ሦስተኛ አፋጨ። ልጄን ቃልን ትምህርት ቤት አድርሼ ስመለስ ሞቆ ነበር፤ ሁለተኛው ተሻለው። ሦስተኛው ያው።

የዓባይ ድልድይ ላይ አንድ ባለባጃጅ አንገቱን አውጥቶ "እናት፣ ቀስ! አትግደያት!" አለኝ። ቀኑን ሙሉ ስሰማው ዋልሁ።

ግንቦት 30

የምሳ ሰዓት፣ ክሊኒክ። መርፌ ክፍሉ ባዶ ነው።

ጋሽ መስዑድ ድምፁ መቼ እንደጀመረ ይጠይቁኛል። የካቲት አጋማሽ ነው። ቀኑን የማስታውሰው ስለጮኽሁበት ነው። ኃይሌ በሚያስተምርበት የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ በር ላይ ጠብቄው አሳፈረኝ፤ ስንነሣ ሁለተኛውን ማርሽ አስፋጨው። ሰልጣኞቹ ደጅ ቆመው ነበር። እኔ፣ መስኮቱ ክፍት መሆኑን እያየሁ፣ "ሰውን ፍሪሲዮን እርገጥ እያልህ ታስተምራለህ፣ የራስህን መኪና ጥርስ ታስፋጫለህ!" አልሁት። ሰልጣኞቹ ሳቁ። እሱም ሳቀ። "አርጅታለች ባክሽ" አለኝ።

አሥራ አንድ ዓመት አስተምሯል። "እስከ ወለሉ! እስከ ወለሉ እርገጥ!" ነበር ጩኸቱ። ሐይቁ ዳር ሲያለማምድ ድምፁ ጀልባዎቹ ድረስ ይሰማ ነበር። እኔንም ያስተማረኝ እሱ ነው። እሱ ካለ ለምን ልንዳ ብዬ ስድስት ዓመት መሪ አልጨበጥሁም።

ምንም ምልክት አልነበረውም። ለቅሶ ለመጣው ሁሉ ይህንኑ ተናግሬያለሁ። ጧት ተነሣ፣ ጫማውን ሊያደርግ ጎንበስ አለ፣ ትንፋሽ አጠረኝ አለ፣ ሆስፒታል በር ላይ አለቀ። ተረኛው ሐኪም ልቡ ነው አለ። ልቡ ነው።

ድንኳኑ ጀርባ አንዲት ሴት "ከነርስ ጎን እየተኛ እንዴት እንዲህ ይሆናል?" ስትል ሰምቻለሁ። ድምፅዋን አላወቅሁትም። አሁን ታክሲ ውስጥ፣ ገበያ ውስጥ፣ ከኋላዬ ሴት ስትናገር እሷ ትሆን እላለሁ።

ሰኔ 3

ለጋሽ መስዑድ የማርሹን የማርሹን ብቻ አነበብሁላቸው። ሌላውን ገጽ በእጄ ሸፈንሁት። ያዩ ይመስለኛል።

ከመኪናዋ ሥር ገብተው የካምቢዮውን፣ የማርሽ ሳጥኑን፣ ዘይት በሳህን አወረዱ። ፀሐይ ላይ ሲያዘነብሉት ዘይቱ ውስጥ የወርቅ ብናኝ የመሰለ ነገር ብልጭ ብልጭ አለ።

"ያምራል" አልሁ፣ ሳላስበው።

"ማማሩስ ያምራል። ነሐስ ነው። ማርሽና ማርሽ መካከል የነሐስ ቀለበቶች አሉ። ሁለት በየፊናቸው የሚሽከረከሩ ጥርሶችን እንዳይጋጩ ያስታርቃሉ፤ ሽማግሌ በያቸው። ሽማግሌው ሲያልቅ ጥርስ ከጥርስ ይፋጫል። ያንቺዎቹ ሽማግሌዎች እዚህ ሳህን ውስጥ ናቸው።"

"ስለዚህ እነሱን መቀየር ነው?"

"መቀየሩ ቀላል ነው። ምን በላቸው? ያን ሳላውቅ አዲስ ባስገባ፣ ለዚያው ለሚበላቸው ማቅረብ ነው።" መኪናዋን ትተሽልኝ ሂጂ አሉኝ።

ሰኔ 6

በእግር። ዝናብ ያዘኝ። ስልክ ደወልሁላቸው፤ የፍሪሲዮኑ ዘይት አልፈሰሰም፣ አየርም አልገባበት አሉ። ነገ ካምቢዮውን ያወርዱታል።

ቃል "መኪናችን ሆስፒታል ገባች?" አለችኝ። "አዎ" አልኋት። "ትድናለች?" አለች። ስምንት ዓመቷ ነው፤ ይህን ጥያቄ የምትጠይቀው ስለ መኪናዋ ብቻ አይመስለኝም።

ሰኔ 11

የተናደድሁት ለምን እንደሆነ ገና አላወቅሁም። እንደሆነው ልጻፈው።

ጋሽ መስዑድ ሁሉንም ጨርቅ ላይ ዘርግተው ጠበቁኝ። ቀለበቶቹ ጥርሳቸው አልቆ እንደ ሽማግሌ ድድ ሆነዋል። ከዚያ የፍሪሲዮኑን ዲስክ አሳዩኝ፤ ደኅና ነው። መግፊያውን አሳዩኝ፤ ደኅና ነው። የተበጠሰ ገመድ የለ፣ የላላ ብሎን የለ።

"ሁሉም ደኅና ነው ልጄ። የቀረው የሚነዳው ሰው ነው። የፍሪሲዮኑን ፔዳል እስከ ወለሉ አልረገጠም። ግማሽ መንገድ እየረገጠ ነው ማርሽ የሚያስገባ የነበረው፤ ቀለበቶቹን የበላቸው ያ ነው።"

"ጋሽ መስዑድ፣ ባሌ የመንዳት አስተማሪ ነበር።"

"አውቃለሁ። የእኔንም ልጅ አስተምሯል፤ አላህ ነፍሱን ይማረው። ለዚህ ነው ሁለት ቀን ሙሉ ሌላ ምክንያት የፈለግሁት።" ከዚያ ፔዳሉን አሳዩኝ። የለበሰው ጎማ መሐሉ አዲስ ነው፤ ታችኛው ጠርዝ ብቻ ተልጧል። "እይ። በሙሉ እግሩ አልረገጠም። በጣቱ ጫፍ እየነካ ነው። ግራ እግሩን ያመው ነበር?"

"አያመውም" አልሁ። "ቢያመው እኔ አውቅ ነበር።"

"እሺ" አሉ። "እሺ ልጄ።" ቀለበቶቹን አዲስ አበባ እንዳዘዙ ነግረውኝ ፊታቸውን መለሱ። ድምፄ ጋራዡን ሞልቶት እንደነበር ያወቅሁት፣ የሚሠሩት ሁሉ እጃቸውን አቁመው ሲያዩኝ ነው።

ሰኔ 12

አያመውም ነበር።

ሰኔ 16

ዝናቡ ስላላቆመ ቃል ቤት ዋለች። ሁለት ወንበር ፊትና ኋላ አድርጋ መኪና ሠርታለች። የድስት ክዳን መሪ፣ የማማሰያ እንጨት ማርሽ። አሻንጉሊቷ ኋላ ተቀምጣለች። እኔ ሽንኩርት እከትፋለሁ።

ማርሽ ልትቀይር ስትል ግራ እጇን ከመሪው አንሥታ የራሷን ግራ ጭን ከሥር ያዘች። እግሯን በእጇ ብድግ አድርጋ ወለሉ ላይ ጣለችው። "እህ" አለች፣ እንደ ትልቅ ሰው። ከዚያ ማማሰያውን ገፍታ "ክርርር።"

"ቃል፣ እግርሽን ለምን በእጅሽ ታነሺዋለሽ?"

"እየነዳሁ ነዋ።"

"እንደዚያ ነው የሚነዳው?"

"አባባ እንደዚህ ነው የሚያደርገው። መጀመሪያ እህ ይላል፣ ከዚያ ክርርር ትላለች።"

"መቼ ነው እንደዚያ ያደረገው?"

"ትምህርት ቤት ሲወስደኝ። አንቺ ስትኖሪ አያደርግም።"

ሽንኩርቱን ከትፌ ጨረስሁ።

ሰኔ 17

ሥራ ገባሁ። አርባ ያህል ሰው ወጋሁ። አንድም ፊት አላስታውስም።

ሰኔ 18

የማውቀውን ልጻፍ። እዚህ ካልጻፍሁት የትም አልናገረውም።

መጋቢት ውስጥ፣ ቀኑን አላውቀውም፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ካልሲውን ሲያወልቅ ግራ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የካልሲው ላስቲክ ጥልቅ መስመር አስቀርቶ አየሁ። እንደታሰረ ገመድ። ቀኙ ላይ አልነበረም። አየሁት። ዓይኔ አርፎበታል። ያልሁት ምን ነበር? "ካልሲህ ጠቦሃል፣ አዲስ ግዛ።" ከዚያ መብራቱን አጠፋሁ።

አንድ እግር ብቻ ሲያብጥ ምን ማለት እንደሆነ ሁለተኛ ዓመት ላይ ተምሬያለሁ፤ ለተለማማጆችም አስተምሬያለሁ። ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ የሚውል ሰው፣ ባቱ ሥር ደም ይረጋል። የረጋው ደም አንድ ቀን ከቦታው ይነቀልና ሳንባ ላይ ይቀረቀራል። ትንፋሽ ያጥራል። ሆስፒታል በር ላይ ያልቃል። ተረኛ ሐኪም ልቡ ነው ይላል።

በሌላ ሰው ላይ ባይ ኖሮ በሩጫ ወደ ሐኪም እልከው ነበር። ኃይሌ ላይ ግን ካልሲ አየሁ።

ማንም አልመረመረውም፤ ስለዚህ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ይህን ለራሴ እላለሁ። ከዚያ የፔዳሉ ጎማ ይመጣብኛል።

መኪናዋ ሁለት ወር ሙሉ እየጮኸች ነገረችኝ። በቀን ሁለት ጊዜ፣ አጠገቡ ተቀምጬ። እኔ የሰደብሁት እሱን ነው።

ሰኔ 24

ባልደረባዬ ሀኒያ ካርድ ክፍል ሆና ለሌላዋ ልጅ "ወንጌላዊት ምን ሆና ነው? ዓይኗ የሰው እግር ላይ ነው" ስትላት ሰማሁ። በክፋት አላለችውም። እውነቷን ነው። ታክሲ ስጠብቅ፣ ቤተ ክርስቲያን ስሳለም፣ ዘንባባዎቹ ሥር ስሄድ ቁርጭምጭሚት አያለሁ። ግራ፣ ቀኝ። ግራ፣ ቀኝ። ዛሬ አንድ ሽማግሌ ለጉንፋን መጥተው ሱሪዎን ከፍ ያድርጉ ብላቸው "ልጄ፣ እኔን የሚያመኝ አፍንጫዬ ነው" አሉኝ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እግራቸው ደኅና ነበር።

ሐምሌ 2

መኪናዋ ተሠራች።

ጋሽ መስዑድ አጠገቤ ተቀምጠው በሐይቁ ዳር መንገድ አስነዱኝ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ምንም። ቅቤ ላይ ቢላ እንደማሳረፍ። ወደ ኋላ፣ ምንም።

"ሰማሽ?" አሉኝ።

"ምንም አልሰማሁ።"

"እሱን ነው የምልሽ" ብለው ሳቁ። እኔ ግን ዋሽቻቸዋለሁ። ሦስተኛውን ባስገባሁ ቁጥር ሰምቼዋለሁ፤ በቦታው፣ በልኩ። እጄ ይጠብቀዋል። መንጋጋዬ ይጠብቀዋል። ከዚያ ደግሞ "እህ" የሚል ነገር። እሱን እሳቸው ሊሰሙት አይችሉም።

ሲወርዱ በሩን ይዘው ቆሙ። "ያን ቀን የተናገርሁት ካስቀየመሽ አውፍ በይኝ። መካኒክ ያየውን ነው የሚናገር።"

"እግሩን ያመው ነበር ጋሽ መስዑድ" አልኋቸው። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው።

"አላህ ያጽናሽ። ወንድ ልጅ የሚደብቀው ከሚወደው ነው" አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ነው። አንድ ሰው ከሚወደው የሚደብቀው የሚወደው ሰው ሲጮኽበት እንደሆነ ግን አላሉኝም፤ አያውቁምና።

ሐምሌ 9

አልሸጣትም። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ማን እንደሚጠይቀኝም አላውቅም።

እናቱ ደወሉ። እማማ ዝማም ይፋግ ናቸው፤ እሱም የተቀበረው እዚያው፣ ባደገበት ደብር ነው። ሐምሌ 19 ለገብርኤል፣ በስሙ፣ ዝክር ያወጣሉ። "ልጅቱን ይዘሽ ትመጫለሽ?" አሉኝ። ድምፃቸው ቀጥኗል። ጎረቤታቸው ስልኩን ተቀብላ "እህል አልቀምስ ብለዋል፤ እንቅልፍም የላቸውም። ሌሊት ሌሊት ደጅ ቁጭ ይላሉ" አለችኝ።

እነግራቸዋለሁ። ቆርጫለሁ። ልጃቸው ታምሞ እንደነበር፣ ምልክቱን አይቼ እንዳለፍሁት፣ በሰው ፊት እንደሰደብሁት። ይርገሙኝ። ከሳቸው ሌላ የሚረግመኝ መብት ያለው የለም። ከረገሙኝ በኋላ ምናልባት ያ ድምፅ ይተወኛል።

ሐምሌ 15

ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። "እማማ፣ አንድ ነገር አለ።" አይሆንም። "እማማ፣ እኔ ጥፋተኛ ነኝ።" ይህም እንደ ፊልም ነው። መርፌ እየወጋሁ እለማመዳለሁ። ዛሬ አንዲት ሴት "ምን አልሽኝ?" አለችኝ።

ሐምሌ 19፣ ይፋግ

የምጽፈው እማማ ዝማም ቤት፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ነው። ከሰዓት ነው። እንደሆነው፣ ሳልዘል እጽፋለሁ።

ጧት በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነሣን። ቃል ኋላ ተቀምጣ እስከ ሐሙሲት ተኛች። ከወረታ ወዲህ ሩዙ ማሳ ሁሉ ውኃ ተኝቶበታል፤ ሰዎች እስከ ጉልበታቸው ገብተው ያርማሉ። የሁሉንም እግር አየሁ። መኪናዋ ዝም ብላ ተሸከመችን። እኔ ንግግሬን እያጠናሁ ነበር።

ቅዳሴ አስቀደስን፤ መቃብሩ ላይ ቆምን። ዝክሩ ተበላ፣ ተጠጣ፣ ካህናቱ መርቀው ሄዱ። ጎረቤቶቹ ዕቃ አጥበው ወጡ። እማማ ዝማም አንድ ጉርሻ እንኳ አልቀመሱም። ነጠላቸው ሥር አጥንታቸው ይታያል። ቃል ከጎረቤት ልጆች ጋር ደጅ ወጣች። ሁለታችን ቀረን፤ እሳቸው መደቡ ላይ፣ እኔ ዱካ ላይ።

"እማማ" አልሁ።

"ቆይ ልጄ፣ እኔ ልቅደም" አሉኝ። "አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸው ነበር። እሳቸው ጸልዪ እንጂ ሌላ ምን ያውቃሉ።"

"ይጠይቁኝ።"

"በዋዜማው እዚህ ነበር፣ ታውቂያለሽ።"

አውቃለሁ። ሚያዝያ 11። ሩዝ ሊያመጣ ሄዶ ማታ ተመለሰ። በማግሥቱ ጧት ነው ያረፈው።

"እዚች መደብ ላይ ተቀመጠ። ጫማውን አወለቀና ግራ እግሩን ዘረጋ። ምነው ብለው፣ 'ዝሎብኝ ነው እማዬ፣ ቁጭ ብሎ መዋሉ ነው' አለኝ። 'ለወንጌል እንዳትነግሪያት፣ መንዳት ትከለክለኛለች' ብሎ ሳቀ። እኔ ቅቤ አቀለጥሁ። ባቱን ስይዘው ድንጋይ ነው። ከቁርጭምጭሚቱ እስከ ጉልበቱ አሸሁት፤ በነዚህ እጆቼ፣ ጠንከር አድርጌ። እስኪላላ ድረስ አሸሁት። 'እሰይ! ቀለለኝ' አለኝ። ሳያነክስ ነው እስከ መኪናው የሄደው። በማግሥቱ መርዶ ሰማሁ።"

እጃቸውን ዘርግተው ያዩት ጀመር፤ መዳፉን፣ ጀርባውን።

"እና ምን እላለሁ መሰለሽ? ሌሊት ሌሊት ይህ ነው የሚያስቀምጠኝ። ሕመሙን ከእግሩ አስለቅቄ ወደ ልቡ ሰደድሁት ይሆን?"

ደም የረጋበት እግር አይታሽም። ይህን የማያውቅ ነርስ የለም። ይነቀላል። እማማ ዝማም ፊደል ሳይቆጥሩ፣ ደጅ ተቀምጠው በጨለማ፣ ትምህርት ቤት አራት ዓመት ያስተማረኝን ነገር በራሳቸው ደርሰውበታል።

ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ነበር። መልሴ ከዘገየ ያውቁብኛል ብዬ ፈራሁ።

"የለም እማማ" አልሁ። "እግርና ልብ አይገናኙም።"

"አይገናኙም?"

"አይገናኙም። ሐኪሙም የልብ ነው ብሏል፤ ወረቀቱ ላይ ጽፎታል። ከቆየ ሕመም የመጣ ነው፤ ቢታሽም ባይታሽም ያው ነበር። እርስዎ ደግ አደረጉለት። የመጨረሻዋን ማታ ሳያመው እንዲያድር አደረጉት።"

"እውነትሽን ነው?"

"ነርስ አይደለሁ? እውነቴን ነው።"

ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። መርፌ ከመውጋቴ በፊት አያምም እንደምለው አልሁት።

እማማ ዝማም እጄን ይዘው ሳሙት፤ እሳቸው የእኔን። "እግዜር ይስጥሽ" አሉ። "እግዜር ይስጥሽ ልጄ። ከዚያ ወዲህ እጄን ምጣድ ላይ ላኖረው ነበር የቀረኝ።" ከዚያ ከቀረው ዳቦ ቆርሼ ስሰጣቸው ተቀበሉኝ። ቀስ ብለው በሉ። ግማሹን በሉ። "አንቺስ ምን ልትይኝ ነበር?" አሉኝ።

"ምንም" አልሁ። "መኪናዋ ተሠራች ልልዎት ነበር።"

"እሰይ፣ ደግ" አሉና መደቡ ላይ ጋደም አሉ። ነጠላውን እስከ አንገታቸው አለበስኋቸው። ወዲያው እንቅልፍ ይዟቸው ሄደ።

ይርገሙኝ ብዬ መጥቼ ተመርቄ ተቀምጫለሁ። የኔን ጥፋት ብነግራቸው የእግሩ ነገር ይነሣል፤ የእግሩ ነገር ከተነሣ እጃቸው ይነሣል። ስለዚህ አልነግራቸውም። ዛሬም፣ ሌላ ጊዜም። ኃይሌ ከእኔ ደበቀ፣ እሳቸው ከእኔ ደበቁ፣ አሁን ደግሞ ተራው የእኔ ነው። የእኔ ግን ማለቂያ የለውም። ጋሽ መስዑድ ሁልጊዜ የሚባል በሽታ የለም ብለውኝ ነበር፤ ተሳስተዋል።

ከውስጥ ትንፋሻቸው ይሰማኛል፤ ከባድ፣ እኩል። ጎረቤቷ አጥር ላይ ብቅ ብላ ሰምታ፣ በጣቷ ወደ ቤቱ እያሳየች "ተኙ?" አለችኝ በከንፈሯ ብቻ። ራሴን ነቀነቅሁላት። አማተበችና ሄደች።

ቃል ጭቃ በጭቃ ሆና እየሮጠች መጣች። "እማዬ፣ ገብቼ ለአያቴ ልንገራት፣ እንቁራሪት ያዝን!"

"ተኝተዋል" አልኋት። "ቀስ በይ። አትቀስቅሻቸው።"